የአያቴ ወረንጦ

ሙዳዩ ሲከፈት ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው፤ የወይራ ጢስ፣ የደረቀ አሪቲ፣ በስፌቱ መሐል ለዓመታት የቆየ ቅቤ። ከእናቴ ዕቃ መሐል ጠገራ ብር ይገኛል ብለን ስንጠብቅ፣ ከሥሩ የወጣው በጥቁር ማተብ የታሰረ ወረንጦ ነበር። ከጣት የማይረዝም፣ ጫፉ በድንጋይ ተስሎ ተስሎ የሳሳ፣ በአንገት ላብ የጠቆረ ብረት። የአያቴ ነው። እናቴ ሳትጠቀምበት፣ ለማንም ሳትሰጠው፣ ከጋብቻ ቀለበቷ ጋር አስቀምጣው ኖራለች። በእጄ ስይዘው ጣቶቼ አያያዙን አልረሱትም።

እኔ ያደግሁት ብቸና ነው፤ አያቴ የኖረችው ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር። በዚያን ጊዜ በሁለቱም ወገን ትዳር የያዘች ሴት ከአንገቷ መስቀል ጎን ወረንጦ ታንጠለጥል ነበር። ወረንጦው ሁለት ሥራ አለው፤ ከእግር እሾህ ያወጣል፣ ከዓይን ጸጉር ይነቅላል። በልጅነቴ ሁለቱም ውሃ ከመቅዳትና እንጨት ከመልቀም የማይለዩ የቤት ሥራዎች ነበሩ። የበሽታ ምልክት መሆናቸውን የነገረኝ አልነበረም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ አያቴ ዘንድ እላክ ነበር። መንገዱ ያኔ አስፋልት አላየም። ከብቸና ወጥተን በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ስናቀና፣ የጭነት መኪናው መረሬ አፈር ውስጥ ይቀረቀራል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል። በስተግራ የጮቄ ተራራ ጉም ለብሶ ይታያል። ያ ጥቁር መሬት በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ጫማ ይውጣል፣ ጥቅምት ሲገባ ግን ጤፉ እያረበበ ዓይን ያጠግባል። ለእህል ያለው ነገር ያስገርማል፤ ተመራማሪዎች ካወጧቸው የዱረም ስንዴ ዝርያዎች አንዱ ስሙ «ብቸና» ነው።

ብቸናን ያላያት ሰው በአርበኛው በበላይ ዘለቀ ያውቃታል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ዲማ ጊዮርጊስን ያውቃል። ሞጣን ያልረገጠ ሰው በጠላት ወረራ ዘመን ስለተሰበረው የዓባይ ድልድይ፣ ስለ ሰባራ ድልድይ፣ ሰምቷል። እነዚህ ስሞች ሲነሱ ደስ ይለኛል፤ የአገሬ ስሞች ናቸው። የአያቴና የጎረቤቶቿ ታሪክ ግን በድንጋይም በወረቀትም አልተጻፈም። የተጻፈው በዓይናቸው ቆብ ሥር ነው።

«ነይ እስቲ እናትዋ፤ ያንቺ ዓይን ብርሃን አለው» ትለኛለች፣ ጠዋት ፀሐይ ደጃፉን ስትነካ። መደቡ ላይ እቀመጣለሁ፤ ራሷን ጭኔ ላይ ታኖራለች። ሻሿ ቅቤና ጢስ ይሸታል። የላይኛውን ቆብ በአውራ ጣቴ ቀና ሳደርገው ወደ ውስጥ የዞሩት ጸጉሮች ይታዩኛል፤ አጫጭር፣ እርጥብ፣ አንዳንዶቹም ነጭ። አንዱን ይዤ ሳብ ሳደርግ እጇ የቀሚሴን ጫፍ ይጨብጣል እንጂ ድምፅ አይወጣትም። «ይኸ ነው ሌሊቱን ሙሉ ሲወጋኝ ያደረ» እያለች የተነቀለውን በመዳፏ ትቀበላለች፤ የምታየውም በጣቷ እየዳሰሰች ነው። ግራ ዓይኗ እኔ ሳልወለድ ነጭ ሆኗል። ስንጨርስ ነጠላዋን ሰብስባ ትነሳና «ተመስገን፤ ዓይኔ ዝም አለ» ትላለች። ዝምታው ለጥቂት ቀን ነው። የተነቀለ ጸጉር ተመልሶ ሲበቅል አጥሮና ጠንክሮ ነው የሚወጣው፤ አወጋጉም ይብሳል።

የዓይኗ ሕመም ከወቅቱ ጋር ይመላለስ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ የጢስ ወራት ናቸው። ዝናቡ በሩን ያስዘጋል፤ እርጥብ እንጨት ይጨሳል፤ ጥጆቹም እኛም በአንድ ጣሪያ ሥር እናድራለን። የቡሄ ሙልሙል ሲጋገር ሁላችንም በእንባ ተሞልተን እንስቃለን፤ የእኛ እንባ ደጅ ስንወጣ ይደርቃል፣ የአያቴ ግን አይደርቅም። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሜዳውን ያለብሰዋል፣ ከእርሱ ጋር ዝንቡ ይመጣል። የሕፃናቱ ዓይን ጥግ ላይ ያርፋል፤ ሕፃናቱም ለምደውት እጃቸውን አያነሱም። በበጋ ደግሞ ምንጩ ይሳሳል። ሴቶቹ ሌሊት ተነስተው ተራ ይይዛሉ፤ በእንስራ የመጣው ውሃ ለጠላው፣ ለወጡ፣ ለሊጡ ይከፋፈላል። ለልጅ ፊት የሚተርፍ ውሃ ካለ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ ነው። ይህን ስል እናቶቻችን ሰነፎች ነበሩ ማለቴ አይደለም። በጀርባ የመጣ ውሃ እንዴት እንደሚቆጠር የሚያውቀው የተሸከመው ነው።

ኅዳር 12 የሚካኤል ዕለት ሲደርስ የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ይህ ልማድ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተሳሰረ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖችን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገብቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው አለቀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ልጆች ሆነን በጢሱ መሐል እየዘለልን እንጫወት ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ሕዝባችን ንጽሕና ከበሽታ እንደሚጠብቅ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የጎደለው እውቀት ብቻ አልነበረም፤ በዓመት አንድ ቀን የሚሆነውን የዕለት ሥራ ለማድረግ ውሃው ቅርብ፣ ሳሙናው ርካሽ መሆን ነበረበት።

ያኔ «የዓይን ማዝ» ብለን የምናልፈው በሽታ ትራኮማ ነው። ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ በጣት፣ በነጠላ ጫፍ፣ በዝንብ እግር ይሄዳል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ይድናል፤ በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ ግን የዓይን ቆቡን ውስጥ ጠባሳ በጠባሳ ያደርገዋል። ጠባሳው ቆዳውን ሲስበው ጸጉሩ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይቧጭራል፤ ብሌኑ ደፍርሶ ብርሃን ይጠፋል። ሴቶችን አብዝቶ የሚያጠቃው ሕፃን የሚያቅፉት፣ ንፍጥና እንባ የሚጠርጉት እነርሱ ስለሆኑ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች 62.6 በመቶው በሽታው ነበረባቸው፤ የአገሪቱ አማካይ 40.1 በመቶ ነበር። ከሦስት ልጆች ወደ ሁለት የሚጠጋ ማለት ነው። እኔና አብሮ አደጎቼ ከዚያ ቁጥር ቀድመን ያደግን ልጆች ነን።

ወረንጦው ለእግር የሚሠራው ሥራም ቀላል አልነበረም። ገበያ የሚወጣው፣ የሚያርሰው፣ የሚያስቀድሰው ሁሉ በባዶ እግሩ ነበር። የእናቴ አክስት ሁለቱም እግሮቿ አብጠው፣ ቆዳቸው ተሰነጣጥቆ ነበር የምናውቃት። ሰው ዝሆኔ ነው፣ የዘር ነው ይላል፤ ልጆቿን ለጋብቻ የሚጠይቅ ይሸሻል፤ እርሷም ሠርግ ቤት ከበር አካባቢ አታልፍም። ዛሬ የምናውቀው፣ በደጋና ወይና ደጋው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ገብተው ይህን እብጠት እንደሚያመጡ ነው። ተላላፊ አይደለም። ጫማ ያደረገ ይጠበቃል፤ የታመመም እግሩን በሳሙና እየታጠበ፣ ቅባት እየቀባ፣ ጫማ ቢያደርግ ሥቃዩ ይቀንስለታል። በዚያው በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ የተካሄደ ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል። አክስታችን በሰው ዓይን ተቀጥታ የሞተችበት ጉዳይ መፍትሔው ሳሙና፣ ውሃና ጫማ ነበር።

አያቴ ዓመት በቁጥር አትቆጥርም፤ በተከሰተው ነገር ነው። የመጀመሪያ ልጇን የቀበረችው «በግብሩ ጠብ» ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሞጣንና ብቸናን ያመሰበት፣ ገበሬው ዱር የገባበት ዘመን መሆኑን ያወቅሁት በኋላ መጽሐፍ ሳነብ ነው። ሌላው ልጇ በኩፍኝ ሄደ። ሌላው «ተቅማጥ ወሰደብኝ» የምትለው ነው። ስትነግረኝ አታለቅስም፤ ጥጥ እየፈተለች እንዝርቱን እያሾረች ነው። የክትባት ፕሮግራም ወደ አገራችን የገባው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ለእርሷ ልጆች አልደረሰም፤ ለእኔ ደርሷል። ክንዴ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ እያሻሸች «ይቺ ናት ያቆየችሽ» ትለኝ ነበር።

ያኔ ሕክምና ማለት መጀመሪያ ጓሮ ነው። ለምች ዳማ ከሴ ይታሻል፤ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም በቡና ይጠጣል፤ ለጉንፋን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል። ኮሶ የሚጠጣበት ቀን የታወቀ ነው፤ ጠጪው ፊቱ ጠቁሮ ጥግ ይይዛል፤ ማንም አያናግረውም። ይህ ሁሉ ካልሆነ ጸበል ነው። ከዚያ ወዲያ ከተማ ያለው ድሬሰር አለ፤ መርፌው ከሩቅ ያስፈራል፣ ግን ተስፋም እርሱ ነው። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ትነሳለች። የወጣቶቹ ሩጫ፣ የሴቶቹ «ማርያም ማርያም» እያሉ መከተል፣ ወንዝ ሞልቶ ሲያግዳቸው ዳር ላይ መቆማቸው፤ ይህን ያየ አይረሳውም። አንዳንዷ ከወንዙ ወዲህ ማዶ ሳትሻገር ትቀራለች። በሰላም ከተገላገለች እልልታው ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነበር፤ ሦስቱም ከሰባቱ ባላነሰ ደስታ ይሰማ ነበር፣ ምክንያቱም እናቲቱ ተርፋለች።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ። ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በጤና ተቋም መውለድ 26 በመቶ ደረሰ፣ የሕፃናቱም ሞት ወደ 67 ወረደ። ቁጥሩን ሳነበው የአያቴ ትንንሽ መቃብሮች ይታዩኛል። በመሐሉ የሆነው ነገር ትልቅ ነው፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የገበሬ ልጆች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። ከውጭ የመጡ እንግዶች አልነበሩም፤ ቋንቋችንንም ሐፍረታችንንም የሚያውቁ የራሳችን ሴት ልጆች ነበሩ።

ሐፍረት ካልሁ አይቀር፣ የዚያን ዘመን ትልቁን ሥቃይ ልንገራችሁ። ሴት ልጅ በቀን ብርሃን ለመጸዳዳት ሜዳ አትወጣም ነበር። ነውር ነው። ጎህ ሳይቀድ ወይም ዓይን ለዓይን ከማይተያይበት ምሽት በኋላ ነው የምትወጣው። አያቴ በጾም ወቅት እንኳ ያልጨነቃትን ያህል በዚህ ትጨነቅ ነበር፤ ቀኑን ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች። እርጉዝ ሴቶች፣ አራሶች፣ ሆዳቸውን የታመሙ አሮጊቶች ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቀመጣሉ። ጅብ ባለበት ጨለማ፣ በዝናብ፣ ዓይኗ ባያይም በዳሰሳ ትወጣለች። ይህን ለወንድ የሚናገር አልነበረም።

ታዲያ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. መካከል በሁለት እጁ እነሴ፣ ሞጣ ባለችበት ወረዳ፣ የሆነውን ስሰማ አልገረመኝም። በካርተር ማእከል በሚደገፈው የትራኮማ መከላከል ሥራ መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ የሚል ትምህርት ተሰጠ፤ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ቤተሰቦች በራሳቸው ጉልበት ከ20 ሺህ በላይ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሲሚንቶ አልነበረም፤ እንጨት፣ ጭቃ፣ ድንጋይና ሣር ነው። የሰው ዓይን የሚወድደው ዝንብ የሚራባው በሜዳ በተጣለ ዐይነ ምድር ላይ ስለሆነ፣ የጉድጓዱ መቆፈር ከዓይን በሽታ ጋር ይገናኛል። ሴቶቹ ግን ይህን እስኪረዱ አልጠበቁም። ባሎቻቸውን የወተወቱት፣ ጭቃውን የረገጡት፣ ሣሩን ያጨዱት ለቀኑ ብርሃን ብለው ነው። አያቴ በጓሮዋ የቆመውን ጎጆ እየዳሰሰች «እንግዲህ በፈለግሁ ሰዓት ሰው ነኝ» ብላኛለች። ስለ ጤና ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ከዚያ በኋላ ዓይኗን ተሠራች። ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ቆቡን ቀዶ ጸጉሩን ወደ ውጭ መለሰው። የጠፋው ብርሃን አልተመለሰም፤ የጠፋ ብሌን በዚህ አይመለስም። ቀኝ ዓይኗ ግን ዳነ። የሌሊቱን ውጋት ረሳች፤ ፋሲካን ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ በላች። በ2001 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ማልትራ የተባለው የወባና የትራኮማ ሳምንት ሲጀመር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ሥር ሕዝቡ ተሰልፎ ዚትሮማክስ የተባለውን የትራኮማ መድኃኒት ዋጠ። ሕፃናቱ ቁመታቸው ምልክት ባለበት ዱላ እየተለካ ሽሮፕ ይሰጣቸዋል። አያቴ በምርኩዟ ተሰልፋ፣ ክኒኑን በመዳፏ ተቀብላ፣ አማትባ ዋጠችው። ለእርሷ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ለምን እንደምትውጥ ስትጠየቅ «ለልጆቹ እንዳልሰጣቸው» አለች።

ያለፈው ሁሉ ይመለስ የሚል ሰው ስሰማ ይጨንቀኛል። የቡሄው ጅራፍ፣ የእንቁጣጣሹ ምሽት፣ የደቦው ዘፈን፣ አራስ ቤት የሚገባው የገንፎ ሽታ ለእኔም ይናፍቁኛል። ከእነዚህ ጋር ግን ነጭ የሆነ ዓይን፣ ያበጠ እግር፣ ስም ሳይወጣላቸው የተቀበሩ ልጆች ነበሩ። ትዝታ ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ሥቃዩን እንዳያስረሳን መጠንቀቅ አለብን። ደስ የሚለኝ ሁለቱን ማስማማት እንደሚቻል ማየቴ ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወላድ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፤ ሩቅ የሆኑ እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት ማቆያ ቤት ተሠርቷል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ያ የድሮው ቃሬዛ ባህላዊ አምቡላንስ ተብሎ፣ ተሸካሚዎቹ ተራ ወጥቶላቸው ይጠብቃል። የጎረቤት ትከሻ ያኔም ነበር፤ አሁን የሚደርስበት ቦታ አገኘ።

የተገኘው ግን በቀላሉ ሊፈርስ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ይቋረጣል፤ ክትባት ይዘገያል፤ ምጥ የያዛት ሴት እንደገና ወንዝ ዳር ትቆማለች። ትራኮማ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፤ ለጥቂት ዓመታት ችላ ከተባለ በልጆቹ ዓይን ተመልሶ ይገባል። መሣሪያ ለያዘ ወገን ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ለአምቡላንስ፣ ለክትባት ሣጥን፣ ለጤና ኬላዋ ልጅ መንገዱን ክፈቱ። ያቺ በቃሬዛ ያለችው የየትኛውም ወገን እናት ናት።

እናንተ ደግሞ ይህን የምታነቡ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ አገር ቤት ስትደውሉ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ብቻ አትጠይቁ። እናታችሁ ፀሐይ ስትመለከት ዓይኗ የሚያነባ ከሆነ፣ ቆቧን እያሸች የምትውል ከሆነ፣ ወረንጦ የምትፈልግ ከሆነ፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጤና ጣቢያ እንድትሄድ አድርጉ። ቀዶ ሕክምናው በነጻ ይሰጣል፣ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል፣ በዚያው ዕለት ቤቷ ትገባለች። የልጆቹ ፊት በየቀኑ ይታጠብ፤ ለዚህ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል።